ከዋሻው አፍ የቀረ ቃል

ከደብረ ብርሃን ወጥተን፣ ጉም እየበላ መንገዱን፣
ተክለወልድ ከፍ አደረገው፣ ያንን አሮጌ ራዲዮኑን።
ጣርማ በር ስንቃረብ፣
«ውድ አድማጮቻችን» አለች አንዲት ሴት፣ ሳትጣደፍ፣
«ከነገ ጀምሮ፣ ጨው…»
ዋሻው ዋጠን፤ ቃሏ ቀረ፣ በውጭ በኩል፣ ከዋሻው አፍ።

ጨለማ። ሽ… የሚል ጩኸት። የመብራት ቢጫ ጥርስ።
ማንም «ምን አለች?» ብሎ አልጠየቀም፣ ከወዲያ ጫፍ እስክንደርስ።
ሁሉም ያንን ባዶ ቦታ ሞላው በልቡ፣ በዝምታ፣
ካለፈው ዓመት ችግሩ፣ ከጎረቤቱ ሐሜታ።

«ይጠፋል» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ነጠላቸውን አጥብቀው፤
«ይወደዳል» አለ ከኋላ አንዱ፣ «ድሮም ነጋዴን ሳውቀው!»
ልጅ ያቀፈችው «ተመርዞ ይሆን?» አለች፣ በለሆሳስ።
አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግን፣
የወረዳው ጡረተኛ፣ ጋዜጣ የማያጣው ኪስ፣
ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቼም፣ ነገር ሲያለሰልሱ፣
ገባችሁ አይደል?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም ከእሱ።
ሁላችንም ገባን፤
ምን እንደገባን ባናውቅም።

እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር አለ፣
ሦስት ዓመት የጻፍሁበት፣ ስለ ቃልና ስለ ሰሚ የተባለ፦
አንዱ ሊቅ፣ ቃል መርፌ ነው ይላል፣ በክንድ ገብቶ ደም የሚሆን፤
ሌላው፣ የለም፣ ሰው ይመርጣል፣ እንደ ገበያ ሽንኩርት፣ ያሻውን፤
አንዱ፣ ቃል በእግሩ አይመጣም፣ በሰው ትከሻ ታዝሎ ነው፤
(አቶ ኃይለጊዮርጊስን አየሁ፤ ትከሻቸው ሰፊ ነው።)
አንዱ፣ ሐሳቡን አይሰጥህም፣ ርዕሱን ነው የሚያቀብል።
ጠዋት ስንነሳ ጨው ያለ አልነበረም፤
ወሬው ስለ ውርጭ ነበር፣ ስለ ገብሱ መቃጠል።
ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ፈገግ አልሁ፣ በጨለማ፣
ሌላው ሲታለል እንደሚያይ፣ የራሱን እንደማይሰማ።

ብርሃን ወጣ። ራዲዮኑም ነቃ፣ መሀል ማስታወቂያ፤
ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ሳሙና።
ስለ ጨው ትንፍሽ የለም፤ እሱም ሆነ አንድ መጠርጠሪያ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ያዘን፣ የደብረ ሲና ጠመዝማዛ።
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጌጤነሽ፣
«እኔ'ኮ ፕሮግራሙን አውቀዋለሁ…» ብላ ጀመረች፣ እንደ ዋዛ።
አሥራ አራት ፊት ዞረ፤ አያት።
በመጀመሪያው ኩርባ ድምጿ ወረደ፣ በሁለተኛው ከዳት፤
በሦስተኛው መስኮቱን ዘግታ፣ ታይ ጀመር ገደሉን።
መንገዱ እየተጠማዘዘ ወረደ፤ እሷም ዋጠችው ቃሉን።
(ይህም ደብተሬ ላይ አለ። ሥዕሉ ራሱ ጠመዝማዛ ነው።)

ደብረ ሲና፣ ሰባት ሰዓት። ቆሎ ሻጮች በመስኮት ሲንጠላጠሉ፣
ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ አፉ ቀደመው እግሩን፤
«ጨው!» አለ። ሰሙ ሁሉ።
በስምንት ወረፋ፤ በዘጠኝ ግፊያ።
ባለሱቁ ደምሰው መጀመሪያ ሳቀ፤
ከዚያ ሰልፉን አየ፤
ከዚያ ጆንያውን አነሣ፣ ከፊት መደርደሪያ።
በአሥር ሰዓት ጨው በእውነት ጠፋ፣ በእውነት ተወደደ።
የእትዬ የሺመቤት ትንቢት ሰመረ፤
ነጋዴን የሚያውቀውም፣ «አላልኩም?» ብሎ ፈረደ።

ማታ፣ አልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ድጋሚ ስርጭት።
ያችው ሴት፣ ያው ድምፅ፣ ሳትጣደፍ፣
«ከነገ ጀምሮ፣ ጨው ይቀንሱ፤
የደም ግፊት መድኃኒቱ፣ ከማንኪያዎ ላይ ማራገፍ።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጋዜጣቸውን ገለጡ፤
«ይኸው፣ ሊያስተባብሉ ጀመሩ» አሉ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ፣ የሦስት ዓመት ደብተር ያለኝ፣ ሁሉን በስሙ የምጠራ፣
ክፍሌን ቆልፌ ጎንበስ አልሁ፤
በሦስት እጥፍ የገዛሁትን ሁለት ኪሎ ጨው
ከአልጋው ሥር ሸሸግሁ፣ ከጫማዬ ጋራ።